ታ ፕሮም ግድግዳ ላይ ያለችው እንስሳ ምንድን ናት? ዳይኖሰር ወይስ አሳማ?

ዘላኑ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ቤተሰብ። ከሁለት ዓመት በፊት ያጠራቀምኳትን የዓመት ፈቃድ ይዤ ታይላንድ ሄጄ ነበር። ከባንኮክ በአውቶቡስ ድንበር ተሻግሬ ካምቦዲያ ገባሁ፤ ሲየም ሪፕ የምትባል ከተማ። አንኮር ዋት የሚባለው ዝነኛ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ያለበት አካባቢ ማለት ነው። የአንድ ቀን መግቢያ 37 ዶላር ነው። ኪስ ያማል፤ ግን አይቆጭም።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንኮር ዋት አይደለም። እዚያው አቅራቢያ ስላለው ስለ ታ ፕሮም ነው። ፎቶውን ሳታዩት አትቀሩም። ሥሩ እንደ ቀለጠ ሰም ጣሪያው ላይ ፈስሶ ግድግዳውን ያቀፈ ትልቅ ዛፍ ያለበት ቤተ መቅደስ ነው። ያሠራው ጃያቫርማን ሰባተኛ የሚባል የክመር (የካምቦዲያ ሕዝብ) ንጉሥ ሲሆን የቡድሃ ገዳም ነበር። ለእናቱ መታሰቢያ ብሎ ያቆመው ሲሆን የተመረቀው በ1186 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)።

በምዕራብ በኩል ባለው የውስጥ በር ስንደርስ አስጎብኚዬ እጅጌዬን ጎተተኝ። ጥግ ላይ፣ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ ክብ ክብ ቅርጾች አሉ። በእያንዳንዱ ክብ ውስጥ አንድ ነገር ተቀርጿል። ከመካከላቸው አንዷን በጣቱ እያሳየ «ዳይኖሰር!» አለኝ። ሳቅኩበት። ጠጋ ብዬ ሳይ ግን ሳቁ ጠፋ። ወፍራም አራት እግር፣ ጎበጥ ያለ ጀርባ፣ ወደታች ያጎነበሰ ጭንቅላት። ጀርባዋ ላይ ከአንገት እስከ ጅራት የተሰካኩ ሰፋፊ ቅጠል የመሰሉ ነገሮች። ልጅ ሆነን በፕላስቲክ መጫወቻ የምናውቀው ስቴጎሰረስ ራሱ!

ክቧ ትንሽ ናት። የመሶብ ክዳን እንኳ አትሞላም። ፎቶውን ከታች አያይዤዋለሁ። እስኪ የመሰላችሁን በሉ።

ሸገር_ኮሜዲ

ጃርት ናት። ክሩ ይዘጋ።

ቶማስ_ተጠራጣሪ

ወንድሜ ዘላኑ፣ አስጎብኚው ጉርሻ አስጨምሮህ ይሆናል እንጂ ይህቺ ነገር የ800 ዓመት ዕድሜ የላትም። ልብ ብለህ እይ፤ ቀለሟ ከጎኗ ካለው ድንጋይ ይልቅ ነጣ ያለ ነው። ቦታው ላይ በ2001 የወጣ የሆሊውድ ፊልም ተቀርጾበታል። የፊልም ሠራተኞች ወይም የጥገና ሠራተኞች ለቀልድ ቀርጸዋት ቢሄዱስ? ሰው እኮ ቱሪስት ለመሳብ የማያደርገው የለም።

ብርሃነ_እምነት

እኔ ምንም አያስገርመኝም። መጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 40ን አንብቡ። እዚያ ላይ የተገለጸው ትልቅ አውሬ ምንድን ነው? በእኛ ትርጉም ጉማሬ ተብሏል፤ ግን ጅራቱ ከዛፍ ጋር ነው የተነጻጸረው። ጉማሬ ጅራት አለው እንዴ? ያቺ ጭራሮ ጅራት ናት? ሰውና እነዚህ እንስሳት አብረው ኖረዋል። ቀራጩ ያየውን ነው የቀረጸው።

የባዮሎጂ_መምህር

ልጆች፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ አላገኘሁም፤ ዘላኑ ተባረክ።

እስኪ መጀመሪያ እንስሳው ላይ እንነጋገር። ስቴጎሰረስ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት አካባቢ የኖረ ነው። ይህ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ ለማስረዳት ለተማሪዎቼ የምላት አንዲት ነገር ነበረችኝ፦ ቲ-ሬክስ የሚባለው ሥጋ በል ዳይኖሰር በዘመን ከስቴጎሰረስ ይልቅ ለእኛ ይቀርባል። ክፍሉ ሁሌ ይንጫጫ ነበር። ሒሳቡ ግን ልክ ነው።

አሁን ፎቶውን ተመልከቱ። የስቴጎሰረስ ጭንቅላት ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው፤ ጠባብና ሾጠጥ ያለ። የዚህች ጭንቅላት ትልቅ ነው። ከጭንቅላቷ ኋላ ጆሮ ወይም ቀንድ የሚመስል ነገር አለ፤ ስቴጎሰረስ ይህ የለውም። ጅራቱ ጫፍ ላይ ደግሞ አራት ትልልቅ እሾህ ነበሩት፤ የሚዋጋው በእነሱ ነው። እዚህ የታሉ? በሕይወት ያለውን እንስሳ አይቶ የቀረጸ ሰው፣ ሊገድለው የሚችለውን ጅራት ይረሳል?

በአጭሩ፣ ጀርባዋን ከሸፈናችሁት ዳይኖሰር የሚያስብላት ነገር አይቀርም። በአውራ ጣታችሁ ሸፍናችሁ እዩዋት።

ዘላኑ

መምህር፣ አሁን በጣቴ ሸፈንኳት። ቤታችን የነበረች በግ መሰለችኝ። 😂

ቶማስ_ተጠራጣሪ

የእኔን ጥያቄ ማንም አልመለሰም። ቀለሟስ?

መሮና_መዶሻ

ቶማስ፣ ይሄን ለእኔ ተውልኝ። እኔ ጠራቢ ነኝ። አባቴም ጠራቢ ነበር። እኔ አብዛኛውን በእንጨት ነው የምሠራው፤ መስቀል፣ በርጩማ፣ አንዳንዴም የመቃብር ድንጋይ።

ፎቶው ላይ እንስሳዋ ከክቡ ወለል ወጣ ብላ ነው ያለችው። እብጥ ያለ ቅርጽ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው ዙሪያውን በመሮ እየቀነሱ፣ መሃሉን እያስቀሩ ነው። ድንጋይ ላይ መቀነስ እንጂ መጨመር የለም። አንድ ሰው ከ800 ዓመት በኋላ መጥቶ እዚያ ላይ ያበጠ እንስሳ ልቅረጽ ቢል፣ የሚቀርጽበት የተረፈ ድንጋይ ያስፈልገዋል። ያለዚያ እንስሳዋ ከጎረቤቶቿ ጠልቃ፣ ወደ ውስጥ ገብታ ነበር የምትታየው። ምናልባት ክቡ ባዶ ቀርቶ ከነበረ ይቻል ይሆናል። ግን ከላይ እስከ ታች ሁሉም ክብ ተሞልቶ አንዱ ብቻ ለምን ባዶ ይቀራል?

ቀለም ማስረጃ አይሆንም። ሰው ሁሉ የሚነካው፣ የሚጠርገው፣ ቅጂ የሚያወጣበት ድንጋይ ይነጣል። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ መቃን ላይ ሰው የሚሳለምበትን ቦታ እዩ።

ሰብሊ_ደሴ

መሮና መዶሻ፣ እንኳን መጣህ። ቶማስ፣ አንድ ልጨምርልህ። ክሎድ ዣክ የሚባሉ ፈረንሳዊ የክመር ጥንታዊ ጽሑፎች ሊቅ ከአንድ ፎቶ አንሺ ጋር ሆነው ስለ አንኮር ባዘጋጁት የጉብኝት መጽሐፍ ይህቺን ክብ ጠቅሰዋታል፤ ስቴጎሰር እንደምትመስልም ጽፈዋል። መጽሐፉ የወጣው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ፊልምህ ገና አልተቀረጸም ነበር። እንዲያውም ወሬው ዓለምን የዞረው ከእነሱ ጽሑፍ በኋላ ይመስለኛል። አንድ ትልቅ ሰው «ይመስላል» ካለ፣ «ነው» ለማለት ኢንተርኔት አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ቶማስ_ተጠራጣሪ

እሺ። የፊልሙን ነገር ትቻለሁ። መጠርጠሬን ግን አላቆምም። ስሜ ነው።

ሰብሊ_ደሴ

😄 አትተው።

ብርሃነ፣ ወንድሜ፣ በእምነትህ አልገባም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ጃያቫርማን ሰባተኛ የነገሠው በ1181 ነው። ይህን ቁጥር የት ነው የምታውቀው? በትውፊት ቅዱስ ላሊበላም የነገሠው በ1181 ነው። ሁለቱ የአንድ ዘመን ነገሥታት ናቸው። አንዱ ላስታ ላይ አለት ሲያስፈለፍል ሌላው ካምቦዲያ ላይ አሸዋ ድንጋይ ያስከምር ነበር። እኔ ይህን መጀመሪያ ሳውቅ ሁለት ቀን ለሰው ሁሉ ሳወራ ነው የከረምኩት።

አሁን ወደ ነጥቤ። ላሊበላ ቤተ ማርያም የምዕራቡ ደጃፍ ላይ ሁለት ፈረሰኞች ዘንዶ ሲወጉ ተቀርጿል። የላስታ ጠራቢ ዘንዶ አይቶ ነው የቀረጸው? ወይስ ከጊዮርጊስ ታሪክ ያወቀውን ነው?

ብርሃነ_እምነት

እህቴ ሰብሊ፣ ዘንዶ አልነበረም ብዬ አላውቅም። 😊 እኔ የምለው ቀራጭ ከመሬት ተነስቶ አይፈጥርም ነው። የሆነ ነገር ከኋላው አለ።

ሰብሊ_ደሴ

በዚህ እንስማማለን። «የሆነ ነገር» ግን ምን እንደሆነ ነው ጥያቄው። እንግዲህ በዚያ ዘመን ካምቦዲያ ጫካ ውስጥ ምን ነበር? አውራሪስ ነበር። ሁለት ዓይነት፤ አንድ ቀንድ ያለው የጃቫውና ሁለት ቀንድ ያለው የሱማትራው። በ1296 ወደ አንኮር የመጣ ዡ ዳጓን የሚባል የቻይና መልእክተኛ ስለ አገሩ ሲጽፍ የአውራሪስ ቀንድ ከንግድ ዕቃዎቹ አንዱ እንደነበር ይነግረናል። ጎረቤት ቬትናም ውስጥ የመጨረሻው የጃቫ አውራሪስ የሞተው በ2010 ነው። ትናንት ማለት ነው።

ደግሞ አውራሪስ ለክመር ቀራጭ ተራ እንስሳ አልነበረም። የእሳት አምላክ የሚሉት አግኒ ሕንድ አገር በግ ላይ ተቀምጦ ነው የሚሳለው። ክመሮች አውራሪስ ላይ ነው ያስቀመጡት። ስለዚህ እጃቸው አውራሪስ መቅረጽ ለምዷል። የእኔ ድምፅ ለአውራሪስ ነው።

ሸገር_ኮሜዲ

አውራሪስ ያለ ቀንድ? ይህማ ወፍራም ላም ናት።

የባዮሎጂ_መምህር

ሸገር ቀልዶም ቢሆን እውነት አለው። ሰብሊ ልጄ፣ አፍንጫዋ ላይ ቀንድ አይታየኝም። የጃቫ አውራሪስ ቀንድ አጭር ነው፤ ሴቲቱ ደግሞ ከነጭራሹ ላይኖራት ይችላል። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አልጥለውም። ቢሆንም እኔ ወደ ዱር አሳማ ነው የማደላው። የእኛን ከርከሮ አስቡ። ሲቆጣ ጀርባው ላይ ያለው ጋማ ይቆማል። የእስያው የዱር አሳማም ሲቆጣ የጀርባ ፀጉሩ ይቆማል። ጎበጥ ያለ ጀርባ፣ ዝቅ ያለ ትልቅ ጭንቅላት፣ ከኋላው ጆሮ። ልክ ነው እኮ። ቀራጩ የቆመውን ጋማ አጋንኖ ቢቀርጸው ይህቺን አይመስልም?

እስስት ናት የሚሉም አሉ፤ እዚህ ላይ ግን በሙያዬ እከራከራለሁ። እውነተኛ እስስት ካምቦዲያ ውስጥ የለም። ጀርባው ላይ እሾሃማ ጋማ ያለው እንሽላሊት ግን ሞልቷል። ችግሩ እግሩ ነው። እንሽላሊት እግሩን ወደ ጎን ዘርግቶ ነው የሚሄደው። የዚህች እግሮች ከሆዷ ሥር ቀጥ ብለው ነው የቆሙት፤ እንደ ጠረጴዛ እግር። ይህ የአጥቢ እንስሳ አቋቋም ነው። (የዳይኖሰርም ነው፤ ብርሃነ እንዳይጮህብኝ ልንገረው።)

ብርሃነ_እምነት

አመሰግናለሁ መምህር፤ ሐቀኛ ሰው ነዎት።

ጎንደሬው_በሪያድ

ሰላም፤ ከሪያድ ነኝ፤ የሌሊት ፈረቃ ላይ ሆኜ እያነበብኩ ነው፤ እንቅልፌን አባረራችሁልኝ። አንድ ሐሳብ አለኝ። እንስሳውን በሕይወት ባያዩትም አጥንቱን አግኝተው ቢሆንስ? መሬት ሲቆፍሩ፣ ድንጋይ ሲያወጡ የዳይኖሰር አጥንት አግኝተው፣ በሐሳባቸው ሥጋ አልብሰው ቀርጸውት ይሆናል። ጎረቤት ታይላንድ ውስጥ እኮ የዳይኖሰር አጥንት ተገኝቷል።

የባዮሎጂ_መምህር

ጎንደሬው፣ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኔም አንድ ጊዜ አስቤዋለሁ። የሚያፈርሰው ግን ራሱ የስቴጎሰረስ ታሪክ ነው።

ይህን እንስሳ በ1877 ስም ያወጣለት አሜሪካዊው ማርሽ ነው። አጥንቱን በእጁ ይዟል፤ የዘመኑ ትልቅ ባለሙያ ነው። ያም ሆኖ እነዚያ የጀርባ ሰሌዳዎች እንዴት እንደሚቀመጡ አላወቀም። እንደ ጣሪያ ክዳን ጀርባው ላይ ተኝተው የተነባበሩ መስለውት ነበር። ስሙም ከዚያ ነው የመጣው፤ በግሪክ «ባለ ጣሪያ እንሽላሊት» እንደ ማለት ነው። ለምን ተሳሳተ? ሰሌዳዎቹ ከአጽሙ ጋር በመገጣጠሚያ አልተያያዙም፤ ቆዳ ውስጥ ነው የተተከሉት። እንስሳው ሲሞትና ቆዳው ሲበሰብስ ይበታተናሉ። ቀጥ ብለው ይቆሙ እንደነበር ለመረዳት ብዙ አጽምና ብዙ ክርክር ነው የፈጀው።

እንግዲህ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ጠራቢ የተበታተነ አጥንት አግኝቶ፣ ማርሽ የሳተውን በአንድ ጊዜ መታ ብለን ማመን አለብን። ይከብደኛል።

ጎንደሬው_በሪያድ

ተረታሁ። ለሠርክ ሻይ አንድ ዕዳ አለብኝ መምህር።

መሮና_መዶሻ

እኔ የምናገረው ስለ እንስሳዋ አይደለም። ስለ ጀርባዋ ነው። ከትናንት ጀምሮ ፎቶውን በስልኬ እያገላበጥኩ ነው፤ ባለቤቴ «ይቺን ላም ተዋት» እስክትለኝ።

ክብ ውስጥ እንስሳ ስትቀርጽ ሁሌ አንድ ችግር አለ። እንስሳ ክብ አይደለም። ከጀርባው በላይ ጨረቃ የመሰለ ባዶ ቦታ ይተርፋል። ከሆዱ ሥርም ይተርፋል። ባዶ ቦታ ለዓይን ያስጠላል። ለድንጋዩም ጥሩ አይደለም፤ ብዙ መቀነስ አለብህ፣ ጠርዙም ይሰበራል። ስለዚህ ምን ታደርጋለህ? ትሞላዋለህ። በቅጠል፣ በአበባ፣ በጥምዝ። የብራና መጻሕፍት ላይ ምዕራፍ ሲጀምር ከላይ የሚሳለውን ሐረግ አታውቁም? ጸሐፊው ቦታውን ባዶ አይተውም። እኔም መስቀል ስሠራ ክንዶቹ መሃል ያለውን በሐረግ ነው የምሞላው።

እኔ እነዚያ «ሰሌዳዎች» ከእንስሳዋ ጀርባ የበቀሉ አይመስሉኝም። ከኋላዋ ያለ ሐረግ ነው። ቅጠሉ የክቡን ጠርዝ ተከትሎ ነው የዞረው፤ የጀርባዋ ጉብጠትም ከክቡ ጋር ስለሚገጥም ከእሷ የወጣ ይመስላል።

ይህን ለማወቅ ግን ጎረቤቶቿን ማየት አለብኝ። ዘላኑ፣ ፎቶህ ላይ የሚታየው አንድ ክብ ብቻ ነው። ሌሎቹ የታሉ? አንተ እኮ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ ናቸው ብለሃል።

ዘላኑ

ወይ ጉድ። ሌሎቹን ቆርጫቸዋለሁ። ያኔ ፎቶውን ፕሮፋይሌ ላይ ላደርገው ፈልጌ በክብ ልክ ነው የቆረጥኩት። ሙሉው አሮጌው ስልኬ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ስክሪኑ ተሰብሮ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። የሰፈራችን ስልክ ሠሪ ጋ እወስደዋለሁ። ጊዜ ስጡኝ።

ሸገር_ኮሜዲ

ማስረጃው ራሱ ተቆፍሮ ሊወጣ ነው። አርኪዮሎጂ ማለት ይሄ ነው።

ሰብሊ_ደሴ

እስከዚያ ድረስ አንድ ነገር ላንሳ። መሮና መዶሻ ያለው በጣም ገብቶኛል፤ ምክንያቱም እዚህም አገር ተመሳሳይ ነገር አለ። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያሉትን የተቀረጹ እንጨቶች የምታውቁ አላችሁ? በየአራት ማዕዘኑ አንድ አንድ እንስሳ አለ። እኔ በፎቶ ነው የማውቃቸው፤ ገዳሙ ሴት አያስገባም። አንበሳና ዝሆን በቀላሉ ይለያሉ። አንዳንዶቹን ግን ጓደኞቼ ጋር ሆነን ስንት ቀን ተከራክረንባቸዋል። አንዱን እኔ ድኩላ ስል ሌላዋ ፈረስ ትላለች። ቀራጩ ሳጥኑ ውስጥ እንዲገባለት እግሩን አጥፎታል፣ አንገቱን አዙሮታል። የሳጥኑ ቅርጽ ነው እንስሳውን የሠራው ማለት ይቻላል።

የሓ የሚባለው ጥንታዊ ቦታም አለ። እዚያ ያሉት የዋልያ ዘመዶች በተርታ የተቀረጹ ናቸው፤ ፊት ለፊት ነው የሚያዩህ፤ ጭንቅላትና ሁለት የፊት እግር ብቻ። ከሩቅ ላየው ሰው እንስሳ እንኳ አይመስሉም፤ የመስኮት ዘንግ ይመስላሉ። ማንም ግን «ይህ ምን የጠፋ አውሬ ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ምክንያቱም ብዙ ናቸው፤ በደቡብ ዓረብ ቤተ መቅደሶችም አሉ፤ አንዱን ከሌላው ጋር እያስተያየን እናነባቸዋለን። የታ ፕሮሟ ችግር ብቻዋን መሆኗ ነው። ወይም ብቻዋን መታየቷ።

ቶማስ_ተጠራጣሪ

ይሄ ጥሩ ጥርጣሬ ነው፤ ተመችቶኛል። በነገራችን ላይ ክመሮች እንዲህ ያለ ትልቅ አውሬ በሰፈራቸው ቢኖር ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ጥግ ላይ፣ በትንሽ ክብ ይቀርጹት ነበር? ይኸው ንጉሥ ያሠራው ባዮን የሚባል ቤተ መቅደስ አለ አይደል? ዛሬ ጠዋት ስፈልግ ነበር። ግድግዳው ላይ ያልተቀረጸ የለም። ዶሮ ሲያዋጉ፣ ገበያ ሲሸጡ፣ ዓሣ፣ አዞ፣ የጀልባ ጦርነት። ዶሮ የሚቀርጽ ሕዝብ ዳይኖሰር ዝም ብሎ አያልፍም።

ሰብሊ_ደሴ

ቶማስ!! ጎበዝ። 👏

ብርሃነ_እምነት

ጥቂት ቀርተው ቢሆንስ? ጫካ ውስጥ ብርቅ የሆነ እንስሳ? ደግሞ ስንት ሰው ነው የነበረው እዚያ?

ሰብሊ_ደሴ

ሰው ሞልቶ ነበር። የታ ፕሮም ምርቃት ጽሑፍ በድንጋይ ላይ ቁጥሩን ሁሉ ይዘረዝረዋል። ውስጡ 12,640 ሰው ይኖር ነበር ይላል። ከ3,140 መንደሮች የተውጣጡ 79,365 ሰዎች ያገለግሉት ነበር። ዳንሰኞቹ ብቻ 615 ናቸው። ሰው ዳንሰኛውን በቁጥር እየጻፈ፣ በጫካው ውስጥ ግዙፍ አውሬ ኖሮ ለመልእክተኛው ዡ ዳጓን እንኳ ወሬው ሳይደርስ አይቀርም። ዛፉና ጫካው እኮ በኋላ የመጣ ነው፤ ቦታው ሰው ጥሎት ከሄደ በኋላ። በዘመኑ ከተማ ነበር።

ዘላኑ

ቤተሰብ! ስልኩ ተነሣ። 1,800 ብር በላኝ፤ ለእናንተ ስል ነው። ሙሉ ፎቶውን ለጠፍኩት።

እኔ ራሴ ደንግጫለሁ። ያኔ እዚያ ቆሜ አንድ ክብ ብቻ ነበር ያየሁት። ሌሎቹ ከላይም ከታችም ነበሩ፤ ዓይኔ ግን አላያቸውም። ጦጣ አለ። አጋዘን አለ። ጎሽ አለ። ወፍ አለ። ጭራቅ መሰል ፊትም አለ።

ጎሹን ትልቅ አድርጋችሁ እዩት። ከኋላው፣ ከክቡ ጠርዝ ጋር፣ ያው ቅጠል ቅጠል የመሰለ ነገር።

መሮና_መዶሻ

አየህ? ሐረግ ነው ብዬህ ነበር። አጋዘኗ ዘንድ ያለው ደቀቅ ያለ ነው፤ ቀንዷ ቦታውን ስለያዘው። ጦጣው ዘንድ ያለው ከትከሻው በላይ ነው። እንስሳው በተወው ባዶ ቦታ ልክ ነው የገባው። የእኛዋ ጀርባ ሰፊና ጎባጣ ስለሆነ ቅጠሎቹ ተራ ይዘው ተቀመጡ።

ቶማስ_ተጠራጣሪ

ይቅርታ፣ እኔ ግን ልዩነት ይታየኛል። ጎሹ ዘንድ ያለው ከጀርባው ትንሽ ይርቃል። የዳይኖሰሯ ግን ተጣብቋል። ከጀርባዋ ነው የሚነሣው።

መሮና_መዶሻ

ልክ ነህ፤ ተጣብቋል። ይህን አልክድም። መሮው በቅጠሉና በጀርባዋ መሃል ያለውን ስንጥቅ ጠልቆ አላወጣውም። ሰነፍ ቀን ሊሆን ይችላል፣ ተማሪ እጅ ሊሆን ይችላል፣ ስምንት መቶ ዓመት ዝናብ ሊሆን ይችላል። አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ቀጭኑ ነገር ቀድሞ ነው የሚያልቀው። ወይም መምህር እንዳሉት የአሳማ ጋማ አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ጋማና ሐረግ በአንድ ላይ።

የባዮሎጂ_መምህር

እኔ ከአሳማዬ አልወርድም። ጭንቅላቷን ግን አሁንም በልበ ሙሉነት አልፈታሁትም። ያ ከኋላ ያለው ነገር ጆሮ ከሆነ አሳማ ነው፤ ቀንድ ከሆነ ሰብሊ ያሸነፈችኝ ይሆናል።

ሰብሊ_ደሴ

አውራሪስ ከጭንቅላቱ ኋላ ቀንድ የለውም መምህር፤ ለእኔም ጆሮ ነው የሚሻለኝ። አውራሪስም ጆሮ አለው። 😄

ብርሃነ_እምነት

ሙሉ ፎቶውን አይቻለሁ። ቅጠሉን አልክድም። ግን ለእኔ አሁንም ዳይኖሰር ትመስለኛለች፤ ተቀየሙኝ አትቀየሙኝ።

ዘላኑ

ማን ይቀየምሃል ብሬ። እኔም አንዳንዴ ሳያት ትመስለኛለች። አንድ ጊዜ ዳይኖሰር ብለህ ካየሃት ዓይንህ እንቢ ይላል።

አወያይ

ክሩ ጨዋነቱን ስለጠበቀ እናመሰግናለን። ስድብ ያልነበረበት የመጀመሪያው የሃይማኖትና ሳይንስ ክር ነው። ክፍት እንተወዋለን።

መሮና_መዶሻ

ከሳምንት በኋላ ተመለስኩ። አላስቻለኝም።

ቅዳሜ ቁራጭ ዋንዛ አገኘሁና ሁለት ክብ ቆረጥኩ። በመጀመሪያው ላይ እንስሳዋን እንዳለች ቀረጽኳት፤ ያው ጀርባ፣ ያው ጭንቅላት፣ ያው ጅራት። ከኋላዋ ምንም የለም። በሁለተኛው ላይ ያንኑ ደግሜ ቅጠሉን ጨመርኩ፤ ሆን ብዬ ከጀርባዋ ጋር አጣበቅኩት።

የመጀመሪያውን ለስድስት ዓመቷ ልጄ አሳየኋት። «አሳማ» አለች። ጎረቤቴን ጠየቅኩ። «ጉማሬ አይደለም እንዴ?» አለ። የሱቁ ልጅ «በሬ» አለኝ፤ ትንሽ ሞራሌን ነካው።

ሁለተኛውን ሳወጣ ልጄ ከእጄ ነጠቀችኝ። «ዳይኖሰር!» አለች።

ዘላኑ

ፎቶ! ፎቶ! ሁለቱንም ጎን ለጎን አድርገህ። እንዳትቆርጠው ብቻ።

መሮና_መዶሻ

የመጀመሪያውን አሁን እልካለሁ። ሁለተኛውን ማታ፤ ትምህርት ቤት ይዛው ሄዳለች።